የቦረና ቁጥቋጦስ?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ቦረና ድርቅ ስትጽፉ የሞቱትን ከብቶች ትቆጥራላችሁ፤ ደግ ነው። የግጦሹን መሬት የሚወርሰውን ቁጥቋጦ ግን ዘላችሁት ታልፋላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የዝናብ ወቅቶቹ ተከታትለው ሲከሽፉ ሣሩ ከላይኛው አፈር ጋር አብሮ ደረቀ። ከቁጥቋጦው ወገን የሆነው ግራር ግን ሥሩን ጠለቅ አድርጎ ስለሚሰድ የተሻለ ይቋቋማል። ዝናብ ሲመለስ ታዲያ፣ በተለይ ከብት ክፉኛ በጋጠው መሬት፣ ቦታውን እሱ ይወርሰዋል።

ሁሉንም በአየሩ ላይ መለጠፍ ግን አይገባም። አርብቶ አደሩ ድሮ ቁጥቋጦውን በእሳት ይቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ተከለከለ። ለመሆኑ ማን አማክሮት? አሁን ብዙዎች ወደ ግመልና ፍየል አዘንብለዋል፤ እነሱ ቅጠልም ይበላሉ። ላም ግን ሣር ትፈልጋለች። በሚቀጥለው ዘገባችሁ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ስለ እሳቱ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ