ጉዳዩ፦ ያልተቀየረ ሌንስ «አዲስ» ተብሎ ስለ ተመለሰልኝ

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

የሥራ ትእዛዙም የደረሰኙ ቀሪም እናንተ ዘንድ ስላለ ከመጀመሪያው አንስቼ አልተርክም። አራት ጊዜ «ነገ ደውል»፣ ሁለት ጊዜ «ባለሙያው ወጣ ብሏል» መባሌንም ልለፈው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ፣ ሲዲ የሚያነበው ሌንሱ እንዲቀየር ባስረከብኳችሁ ፒኤስ ዋን (ትንሹ የፕሌይስቴሽን መጫወቻ ማሽን) ላይ ባለፈው ቅዳሜ ጠረጴዛችሁ ላይ የተደረገው «ፍተሻ» ነው።

ደረሰኙ በራሳችሁ እጅ ጽሑፍ «ፒኤስ ዋን፣ ሞዴል ኤስሲፒኤች 102፣ ሌንስ ቅያሪ፣ ኬኤስኤም 440 ቢኤኤም፣ አዲስ፣ የ6 ወር ዋስትና፣ 4,500 ብር» ይላል (ኬኤስኤም 440 ቢኤኤም የሌንሱ ሞዴል ነው)። «አዲስ» የሚለው ቃል ሥር ተሰምሯል፤ ያሰመረው ሠራተኛችሁ እንጂ እኔ አይደለሁም።

ቅዳሜ ዕለት ባለሙያው ማሽኑን ከቲቪው ጋር አገናኝቶ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታውን ሪጅ ሬሰርን ከተተ። አንድ ዙር ነዳና «ይኸው፣ እንደ አዲስ!» ብሎ ጆይስቲኩን አቀበለኝ። በትሕትና ያልኩት ይህን ብቻ ነበር፦ በዚህ ጨዋታ ሌንስ አይፈተንም። ሪጅ ሬሰር ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጋር በታኅሣሥ 1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የወጣ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ማሽኑ ሜሞሪ ላይ ይጫናል። እየተጫነ ሳለ ጋላክሲያን የተባለውን ትንሽ ጨዋታ የሚያጫውታችሁም ለዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ ከሲዲው የሚነበበው ዘፈኑ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሲዲውን አውጥቶ የራሱን የዘፈን ሲዲ እየከተተ የሚነዳውም በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞ ባለሙያው ሲነዳ ዘፈኑ እየተቆራረጠ ነበር፤ የቲቪውን ድምፅ የቀነሰው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በቃል ከምከራከር ብዬ ክዳኑን ከፍቼ ሲዲውን አወጣሁት። መኪናዋ ምንም ሳይመስላት መሄዷን ቀጠለች። ባለሙያው አየኝና «ታዲያ ያለ ሲዲም እየሠራልህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። ተራ የሚጠብቁት ደንበኞች ሳቁ። እውነቱን ለመናገር መልሱ አያስቅም አልልም። ግን 4,500 ብር የከፈልኩት ሲዲ ለሚያነብ ሌንስ ነው።

ቀጥሎ ቴከን 3 የተባለውን የድብድብ ጨዋታ ከተትኩ። የመግቢያው ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ቆመ፣ ድምፁ ተንተባተበ፣ ከዚያ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ቪዲዮና ዘፈን ከሲዲው ሳይቋረጥ መፍሰስ ስላለበት የደከመ ሌንስ መጀመሪያ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ባለሙያው «ሲዲህ ኮፒ ነው» አለ። ኮፒ ሲዲ ከፋብሪካው ሲዲ ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ ደካማ ሌንስ ቀድሞ የሚያስቸግረው ኮፒውን ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። ሲዲውን ገልብጬ ጥቁሩን ጀርባ አሳየሁት። የፋብሪካ ሲዲ ነው። ዝም አለ፤ ቀጥሎ «እንግዲያው ማሽኑን ገልብጠህ ሞክረው፤ ለአንድ አሮጌ መጫወቻ ይሄን ያህል መጨቃጨቅ ምንድን ነው?» አለኝ።

ማሽን መገልበጥ ለመጀመሪያዎቹ ግራጫ ሞዴሎች የተገኘ ዘዴ ነው። የእነሱ ሌንስ የሚንሸራተተው በፕላስቲክ ላይ ስለነበር ፕላስቲኩ ይበላና ሌንሱ ያዘነብላል። ከጎኑ ያለው ፓወር ሰፕላይ ሙቀትም ያባብሰዋል። ሲገለበጥ ሌንሱ ወደ ቦታው ትንሽ ይመለሳል። ፒኤስ ዋን ግን በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ፓወሩም ከውጭ ባለ አዳፕተር ይመጣል። ምክሩ ለሌላ ማሽን የተሰጠ ምክር ነው።

ቤት ወስጄ ስከፍተው ያገኘሁትን እነሆ። ሌንሱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከማስረከቤ በፊት ካነሳሁት ፎቶ ጋር አንድ ነው። የራሴው አሮጌ ሌንስ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ፦ ከሌንሱ ጋር ባለችው ጠባብ ቦርድ ላይ የምትገኘው፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጠው ማስተካከያ። በፎቶው ላይ ስንጥቋ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አሁን አግድም ተጋድሟል፤ ጠርዟም በካቻቢቴ ተጭሯል። ይቺን ወደ አንድ በኩል ማዞር ለሌዘሩ የሚሄደውን ከረንት ይጨምራል። ሌንሱ ለጊዜው ያነባል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ዋስትናችሁ 6 ወር መሆኑን ሳስበው ስሌቱ ከማን በኩል እንደተሠራ እጠይቃለሁ።

ሚያዝያ ላይ በስልክ «አዲሱ ሌንስ ሞቶ ነው የመጣው፣ ጨርሶ አያነብም» ተብዬ ነበር። ያኔ «የመከላከያው ሊድ ተነሥቷል?» ብዬ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «የቱ ሊድ?» የሚል ነው። አዲስ ሌንስ ከፋብሪካ ሲመጣ ሌዘሩ በስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዳይመታ ሁለት ነጥቦች በሊድ (በብየዳ ቆርቆሮ) ጠብታ ተያይዘው ይመጣሉ። ከተገጠመ በኋላ ጠብታዋ ካልተነሣች ሌዘሩ አይበራም። እንደምገምተው ያ «ሞቶ የመጣ» ሌንስ ጤነኛ ነበር፤ ምናልባት አሁንም መደርደሪያችሁ ላይ ይሆናል።

ከጀመርኩ አይቀር፦ አዳፕተሬ 7.5 ቮልት፣ 2 አምፔር ነበር። የተመለሰልኝ ባለ 9 ቮልት ሲሆን «ጫፉ ስለገባ ያው ነው» ተብያለሁ። ያው አይደለም። ከታች ካሉት ብሎኖች አንዱ የለም። ጨዋታ የሚቀመጥበት 15 ብሎኩ (ክፍሉ) የሞላ ሜሞሪ ካርዴም ማስገቢያው ላይ ተሰክቶ ገብቶ ባዶ ማስገቢያ ተመልሶልኛል። ለዚህ የተሰጠኝ መልስ «ስታስረክብ አልነበረም» የሚል ነው፤ የደረሰኙ ሦስተኛ መስመር ግን «ከነሜሞሪው» ይላል።

ስለዚህ በ7 ቀን ውስጥ አዲስ ሌንስ ሊዱ ተነሥቶ እንዲገጠምልኝ፣ ፍተሻውም በሪጅ ሬሰር ሳይሆን ረጅም ቪዲዮ ባለው ጨዋታ እኔው ባለሁበት እንዲደረግ፣ አሮጌው ሌንስ በእጄ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አዳፕተሩ፣ ብሎኑና ሜሞሪ ካርዱ አብረው ይመለሱ። ይህን ስጽፍ ግን ሐሳቤ እየተለወጠ ነው፤ ማሽኑን ዳግም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያሰጋኛል። ሌንሱን በእሽጉ እንዳለ ስጡኝና ራሴ ልግጠመው፤ ከ4,500 ብሩ የእጅ ዋጋው ይመለስልኝ። በደንበኞች ፊት ለተባልኩት ደግሞ በጽሑፍ ይቅርታ እጠብቃለሁ። በቀኑ ካልተፈጸመ ፎቶዎቹንና ደረሰኙን አያይዤ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለሚመለከተው አካል አቤቱታ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የደረሰኙ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ሜሞሪ ካርዱ ከተገኘ ለመሞከር ብላችሁ የትም አትሰኩት። ሰክታችሁት «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀም «አይ» በሉት።