ከቀድሞ የኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳት ለልጁ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምት ሲገባ ያስቸግራታል።

በስልክ የነገርሽኝን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትሁ። በአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥራ አግኝተሽ የተመደብሽው በምክትል ሚኒስትሩ ቢሮ መሆኑን ስትነግሪኝ ድምፅሽ ወረደ። እኔ ደግሞ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እዚህ አገር ቤት ሚኒስትር ዴኤታ የምንለው ነው። ልዩነቱ እዚህ ለአንድ ሚኒስቴር ሁለትም ሦስትም ይሾማሉ፣ እዚያ ምክትል ሚኒስትሩ አንድ ነው። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ኒው ጀርሲ ጎዳና ወዳለው ሕንፃችሁ ብዙ ሰው አድርሻለሁ፤ ከኋላ ወንበር የሚወራውንም ሰምቻለሁ። ሚኒስትሩ ካሜራ ፊት ይቆማል፣ ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆርጣል። አቪዬሽኑን፣ አውራ ጎዳናውን፣ ባቡሩን፣ የነዳጅ ቧንቧውን ሳይቀር በየዕለቱ የሚያገጣጥመው ግን ምክትሉ ነው። ደንቡ የት ተጓተተ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ተኳረፈ፣ ሁሉም እሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ሞርቲመር ዳውኒ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2001 በምክትልነት ቆይቶ ሁለት ሚኒስትሮችን፣ ፔኛንና ስሌተርን፣ አገልግሏል። ፖሊ ትሮተንበርግ ደግሞ በ2023 ምክትል ሳለች የአቪዬሽን አስተዳደሩ ወንበር ክፍት ቢሆን ለጥቂት ወራት ተጠባባቂ ሆና ያዘችው። አውሮፕላን ኃላፊ እስኪሾም ሰማይ ላይ አይጠብቅማ!

አንድ ያልነገርሁሽ ነገር አለ። ወጣት ሳለሁ ከአሰብ አዲስ አበባ በሚመላለስ ኤንትሬ ላይ ረዳት ነበርሁ። ሆቴል ስንደርስ ሾፌሩ «ጋሼ፣ ይግቡ» ይባላል፤ እኔ ጭነቱን ስጠብቅ ሸራው ላይ አድራለሁ። ገመድ የማጠብቀው፣ ጎማ የምፈታው፣ ራዲያተሩ ሲግል ጀሪካን ይዤ ውሃ ፍለጋ የምወርደው እኔ። ጣርማ በር ዳገት ላይ ማርሽ አልገባ ሲል ዘልዬ ወርጄ የኋላ ጎማው ሥር ታኮ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ዘገየሁ። መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ እኔም ታኮውን ያስገባሁት ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ማታ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ወደ ገበታው ጠርቶ አጎረሰኝ።

አለቃሽ በዚያ ትልቅ መኪና ላይ ታኮ ያዥ ነው። አንቺ ደግሞ የእሱ ረዳት ሆነሻል። ስብሰባ ላይ ማን ምን ቃል እንደገባ ጽፈሽ ያዢ፤ በሳምንቱ ሁሉም ይረሳዋልና የሚፈለገው የአንቺ ደብተር ነው። በምታውቂው ነገር አለቃሽ ሲሳሳት ካየሽ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለብቻው ንገሪው። ሰው ፊት አታርሚው።

የመሥሪያ ቤት መታወቂያሽን ፎቶ መላክ አትርሺ። እናትሽ ለማኅበርተኞቿ «ልጄ ሚኒስትር ሆነች» ብላ አውርታለች። እኔም አላረምኋትም።

አባትሽ