ከሁድሁድ በኋላ፦ የምስጋና መልእክት ከቪሻካፓትናም

ከሁሉ በፊት ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። በሕይወት አለን።

ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በሕንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባለችው ከተማችን በቪሻካፓትናም ላይ ያለፈውን ሁድሁድ የተባለ አውሎ ነፋስ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የአውሮፕላን ማረፊያው ጣሪያ እንዴት እንደተገነጠለ በቴሌቪዥን አይታችኋል። ያንን አልደግመውም። በዚሁ አደጋ ሰው ለሞተባቸው ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ።

ስማቸውን ሳልጠራም ቢሆን ቀድሜ የማመሰግነው አከራያችንን ነው። እኛ ሐበሻ ተማሪዎች «እማማ» ነው የምንላቸው። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናቸው። የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚከፋ አብጠርጥረው ያውቃሉ፤ አንዴ ክረምቱ ሳይገባ በሚያዝያና በግንቦት፣ አንዴ ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ባሕሩ ገና እንደሞቀ ነውና የጥቅምቱን በጣም ይፈሩታል። ማስጠንቀቂያው እንደተሰማ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ጀሪካኑን ሁሉ ውሃ ሞሉት። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ በገመድ አሳሰሩን። በበሩ ሥር ጨርቅ ጠቀጠቁ።

ነፋሱ ሰዓታት ሙሉ ሲያጓራ ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለ። አለፈ ብለን ወደ ውጭ ልንወጣ ስንል እማማ ወንበር ስበው በሩ ላይ ተቀመጡ። «ይሄ መሐሉ ነው፤ ግማሹ ገና ይመጣል» አሉን። ለመንናቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። እንዳሉትም ነፋሱ ተመልሶ መጣ፣ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ። ጠዋቱን ሙሉ የቆመው ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ እኛ ልንቆምበት ያሰብነው ደጃፍ ላይ ወደቀ። አሁንም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። እማማ፣ ነፍሴን አትርፈውልኛል። ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም፤ ብድርዎን ፈጣሪ ይክፈልልኝ።

መብራት፣ ውሃና ስልክ በጠፋበት ሰሞንም ቤታቸው ቤታችን ነበር። የወተት ዋጋ ጣሪያ ሲነካ ገዝተው ያመጡትን ለጓደኛችን ሕፃን ሰጡ፤ ራሳቸው ሻይውን ያለ ወተት ጠጡ። ልጃቸው ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ በወደቁ ዛፎች መሐል በሞተር ሳይክል እየተሽሎከሎከ ስልክ ቁጥራችንን ይዞ ሄደ። እናቴ ድምፄን እስክትሰማ እህል አልቀመሰችም ነበር። ወንድሜ፣ እሷም ትመርቅሃለች።

አውሎ ነፋሱ የት እንደሚያርፍ ከቀናት በፊት ለተነበዩት የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠረውን ሕዝብ ከባሕር ዳር ላወጡት፣ ከሌሎች ክልሎች መጥተው ምሰሶ ለተከሉት የመብራት ሠራተኞች፣ ለነፍስ አድን ቡድኖችና ለባሕር ኃይሉ ትልቅ ምስጋና አለኝ። ይኸው ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. በ1999 ኦዲሻ በተባለው የሕንድ ክልል ወደ 10,000 ሰው ገድሏል። በሁድሁድ ጊዜ ያ ያልተደገመው በእናንተ ልፋት ነው።

የአንድራ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያውያን፣ አንድ ፍራሽ ላይ አራት ሆነን አብረን ያደርን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ካይላሳጊሪ ኮረብታ ቅጠሉ ረግፎ ቡናማ ሆኗል፣ ግቢያችንም ጥላ አልባ ቀርቷል፤ ግንዶቹን ለማንሳት ቅዳሜ ስንወጣ ሁላችሁንም አቅፋችኋለሁ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ውሃ ያካፈላችሁን፣ በጸሎት ያሰባችሁን፣ ከአገር ቤት ቀን ከሌት የደወላችሁ፣ እባካችሁ ቅር አይበላችሁ። ውለታችሁ ከልቤ አይጠፋም።

አክባሪያችሁ፣ ከቪሻካፓትናም