ከገበያው እስከ ምድጃዬ ያለው መንገድ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አራት ኪሎ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ምሳ ሊበሉ የሚመጡ ደንበኞቼ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ፖም አየር ይበክላል፣ የአገር ቤቱ ይሻላል ሲባባሉ እሰማለሁ። ሐሳባቸው ደግ ነው። እኔ ግን የማስበው ስለ መቂ ቲማቲም ነው።

አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ ሽንኩርትና ቲማቲሜን ተሸካሚ ይዞልኝ አብረን በእግር እንመለስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ጃንሜዳ ሲገባም አልራቀኝም። ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ኮንትራት ታክሲ መያዝ ጀመርኩ።

ባለፈው ወር ቲማቲም ሲያራግፍ ያገኘሁትን የአይሱዙ ሾፌር ስለ ነዳጁ ጠየቅሁት። ከመቂ 40 ኩንታል ጭኖ ይመጣል፤ ባዶውን የሚመለስበት ተጨምሮ 45 ሊትር ናፍጣ ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ 60 ኪሎ ለማምጣት ታክሲው ደርሶ መልስ 3 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል። ልጄ ደብተሯ ላይ አካፈለችው። አንድ ኪሎ ቲማቲም ከመቂ እስከ ገበያው 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ነዳጅ ሲፈጅ፣ ከገበያው እስከ ምድጃዬ 50 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። ተሳስታ እንዳይሆን ብዬ ሁለቴ አስደገምኳት።

ፖሙም ቢሆን በመርከብ ከመጣ ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው ጭስ ትንሽ ነው፤ የሚያስፈራው በአውሮፕላን የሚመጣው ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ ብልሽቱ ነው። ቲማቲሙ በእንጨት ሳጥን ተጠቅጥቆ ስለሚጫን የሥረኛው ተጨፍልቆ ይደርሳል። ገበሬው ውኃ ስቦ፣ ማዳበሪያ ገዝቶ ያበቀለው፣ ሾፌሩም ሌሊቱን ነድቶ ያመጣው ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። እዚያ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሚቴን ደግሞ ሙቀት በማመቅ ከመኪና ጭስ የባሰ ነው። ጠርዙ ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ሳጥን የመጣልኝ ጊዜ የጣልኩት ከእፍኝ አይበልጥም ነበር።

አሁን ከሦስት ጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን በአንድ ፒክአፕ 240 ኪሎ እያስመጣን ነው። 4 ሊትር ይበቃዋል፤ ለኪሎ 17 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። በእሁድ ገበያ አይሱዙው እስከ ሰፈራችን ይመጣል፤ በሥራ ቀንም አንድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ለሁለት ሰዓት ቆሞ የሚያራግፍበት ቦታ አራት ኪሎ አካባቢ ይፈቀድልን። ሳጥን የሚያወርድ ሰው እኛው እናቀርባለን።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ከአራት ኪሎ