“ሙሶሎኒ ላይ ወራጅ አለ”

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ ስመጣ፣ ጣርማ በር ስንደርስ አንዲት እናት “ሙሶሎኒ ላይ ወራጅ አለ” አሉ። ረዳቱ በሩን ከፈተላቸው፣ ወረዱ፣ መንገዳችንን ቀጠልን። ማንም ምንም አልመሰለው። እኔም ይህን ስም እየጠራሁ ነው ያደግሁት። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቅር አለኝ።

“ሙሶሎኒ” የምንለውን የጣርማ በር የመኪና መንገድ ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለደሴው መንገድ ብሎ ፈልፍሎታል። እሺ፣ እስከ ዛሬም እናልፍበታለን። ጉሙ ሲወርድማ ከእሱ ሌላ ምን አለን። ግን ስሙን ከሙሶሎኒ ጋር ማጣበቅ ነበረብን?

መንዝ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዋሻ አለ፣ ዘረት። ሚያዝያ 1931 የጣሊያን ጦር እዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ከእነሱ ጋር የነበሩትን ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። ከዋሻው የወጡትን ወንዶች ደግሞ በጥይት ረሸናቸው። ያን ዋሻ ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቃላችሁ? አመፀኛ ዋሻ። የገዳዩ በስሙ ይጠራል፣ የሟቾቹ ደግሞ “አመፀኛ”። እኔ ይሄ ነው ያናደደኝ።

ከዚህ ከደብረ ብርሃንም ሩቅ ያልሆነ እንገጫ የሚባል ቦታ አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በደብረ ሊባኖስ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፤ መነኮሳቱ ግንቦት ላይ፣ የተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ግን ወዲያው አልተገደሉም። ወጣቶች ናቸው፣ በካሚዮን ወደ ደብረ ብርሃን አመጧቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ 129ኙ እንገጫ ላይ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ሪፖርት ያደረገው ጠቅላላ የሟች ቁጥር 449 ነው፤ በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ይላሉ። በበኩሌ እንገጫ የሚለውን ስም የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እዚሁ ተምሬ!

ደጃዝማች ኃይለማርያም ማሞን ማን ይረሳቸዋል? የከተማችን ተማሪ ሁሉ ስማቸውን ይጠራል፣ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ነዋ። አርበኛ መሆናቸውን የማያውቀው እንኳ ስሙን ያውቃል፣ አንድ ቀን ደግሞ “እሳቸው ማን ናቸው?” ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፍ ያለበት ድንጋይም ሥራው ይኸው ነው።

ትልቅ ሐውልት ይሠራ እያልኩ አይደለም። ሐውልት ሲባል ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መዋጮ ይሰበሰባል፣ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ከዚያ በግና ፍየል ይሻሽበታል። ድንጋይ ጠራቢ በአገራችን ሞልቷል። መንገድ ዳር የሚነበብ አንድ ጥርብ ድንጋይ፣ ቀኑ፣ የሟቾቹ ቁጥር፣ ማን እንደገደላቸው። የተገኘ ስም ካለ ስማቸው። አንዱ እንገጫ፣ አንዱ ወደ ዘረት መግቢያ ላይ። ሦስተኛው ጣርማ በር፣ የዋሻው አፍ ላይ ቢቆም ደስ ይለኛል፤ መንገዱን ያሠራው ጦር በዚሁ አገር ምን እንደሠራ ተጓዡ እያነበበ ይለፍ።

ድንጋዩ እስኪጠረብ ድረስ ደግሞ እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚያ ቦታ መኪና ተገለበጠ፣ መንገድ ተዘጋ ብላችሁ ስትጽፉ “ሙሶሎኒ ዋሻ” አትበሉ። ጣርማ በር በሉ፣ ሰው ይገባዋል።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን