ስለ «የሰው ሥጋ ሜኑ» የእራት ትርኢታችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

አዲሱን የእራት ኮሜዲያችንን ካስተዋወቅን ወዲህ ጥያቄ በርክቶልናል። ገና ርዕሱን ሰምታችሁ የሳቃችሁ አላችሁ፤ «በዚህም ይቀለዳል እንዴ?» ያላችሁንም አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ምን እንደምናቀርብና ለምን እንደምናቀርብ በግልጽ ልንነግራችሁ ወደድን።

በቅድሚያ ስለ ምግቡ። ሳህኑ ላይ ያለው እንጉዳይና ጥራጥሬ ነው፤ ሥጋ የሚባል ነገር የለበትም። የሰው ሥጋው ያለው በአስተናጋጁ አንደበት ነው። አስተናጋጁ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ጎንበስ ይልና የዕለቱን ምግብ አመጣጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳል፦ በሰፊ መስክ ላይ ያደገ፣ ጭንቀት የማያውቅ፣ የተፈጥሮ መኖ ብቻ የቀመሰ፣ በቀዝቃዛ ክፍል 28 ቀን ተሰቅሎ የቆየ፣ አሳዳጊው በስሙ የሚጠራው። ከእነዚህ ቃላት አንዱንም እኛ አልፈጠርንም። ስመ ጥር ምግብ ቤቶች ስለ ጥጃና ስለ በግ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እኛ የቀየርነው የሚበላውን ብቻ ነው። እንግዳው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ሹካውን ያስቀምጣል። የአንድን ፍጡር ሕይወት ማጣፈጫ የምናደርገው ለምን እንደሆነ ራሱን የሚጠይቀው ያኔ ነው፤ የለፋነውም ለዚያ ነው።

እንዲህ ያለው ቀልድ በእኛ አልተጀመረም። አየርላንዳዊው ደራሲ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1729 ባሳተመው የምፀት ጽሑፍ፣ የአየርላንድ ድሆች ሕፃናት ለሀብታም ገበታ ቢሸጡ መልካም ነው አለ፤ አበሳሰላቸውን ሳይቀር እንደ ወጥ ቤት ባለሙያ ዘረዘረ። የወቀሰው ግን ድሆቹን ሳይሆን ድህነታቸውን የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ያደረጉትን ባለመሬቶችና ባለሥልጣናት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከሰው ሴል ያደጉ ትንንሽ የሥጋ ቁራጮች ለንደን በሚገኘው የዲዛይን ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ። ማንም እንዲበላቸው አልነበረም፤ በቤተ ሙከራ ሥጋ የሚያመርተው ዘርፍ ሴሎቹን ለማሳደግ ካልተወለደ ጥጃ ደም በሚገኝ ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) መጠቀሙን ለመተቸት ነበር። ሁለቱም ያነጣጠሩት ጠግቦ በሚያማርጠው ላይ ነው።

የማንነካው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ አውሮፕላናቸው ተከስክሶ 72 ቀን በበረዶ መሀል ከቆዩት ሰዎች 16ቱ የተረፉት የሞቱ ባልንጀሮቻቸውን ሥጋ በልተው ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የፎሬ ማኅበረሰብ ሟቾቹን ይበላ የነበረው በሐዘን ሥርዓት ነበር፤ በዚያም ሰበብ ኩሩ የተባለው የአንጎል በሽታ በተለይ ሴቶችንና ልጆችን ፈጀ። በእነዚህ ሰዎች አንቀልድም። ረሃብም ሐዘንም አማርጦ ከመብላት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ይበልጥ የምንጠነቀቀው ግን «ሰው በላ» የሚል ስም ስለተለጠፈባቸው ሕዝቦች ነው። የስፔን ንግሥት ኢዛቤላ እ.ኤ.አ. በ1503 ባወጣችው ትእዛዝ፣ ሰው ይበላሉ የተባሉ የካሪቢያን ነዋሪዎችን ማርኮ መሸጥ ተፈቀደ። ለባሪያ ፈንጋዩ ስሙ በቂው ነበር። ነጭ አሳሽ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ጥቁሮች ዙሪያውን ሲጨፍሩ የሚያሳየው የድሮ ካርቱንም የዚያው ዘር ነው። ምንም ያህል ቢያስቅ መድረካችን ላይ አታዩትም። በእኛ ትርኢት በላተኛውም ተበይውም ጥጋበኞች ናቸው።

ትርኢቱ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ብቻ ነው። ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ ወይም ርዕሱ ራሱ የሚከብዳችሁ፣ ትኬታችሁን በሌላ ትርኢት መለወጥ ወይም ገንዘባችሁን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ምክንያት አንጠይቅም። እንጉዳይ የማይስማማችሁ ካላችሁም ወንበር ስትይዙ ንገሩን፤ ሌላ እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትርኢቱ አዘጋጆች