ነፋስ አልነበረም

የኔ ልጅ፣

ባለፈው ሰሞን ስትደውዪ የጠየቅሽኝን ያን ዕለት በቅጡ አልመለስኩልሽም። "ልጄ ከጓሮው ድንጋይ ሥር ትንንሽ ሰዎች ይኖራሉ እያለች ነው፣ ምን ልበላት?" አልሽኝ። እኔም ሳቅ ብዬ "ልጅ አይደለች፣ ይተዋታል" አልኩሽና ወደ ሌላ ወሬ አለፍን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የራስሽ የልጅነት ነገር ትዝ አለኝ። በአፌ ስናገረው ይከብደኛል፤ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ስድስት ዓመት ቢሆንሽ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊትሽን እንኳን ሳትታጠቢ ወደ ጓሮ ትሮጪ ነበር። አንድ ቀን እጄን ጎትተሽ ወሰድሽኝና ከጽጌረዳዋ ሥር ያለውን አፈር አሳየሽኝ። የደረቁ ቅጠሎች በጫፋቸው አፈሩ ውስጥ ተሰክተው ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ ሁለት ቢሆኑ እንኳ ባልገረመኝ፤ ብዙ ነበሩ። "ባንዲራቸው ነው" አልሽኝ። "ማታ እኛ ስንተኛ ይወጡና ይተክሉታል።" እነማን እንደሆኑ ስጠይቅሽ "ትንንሾቹ ሰዎች" አልሽ፣ እንዳይሰሙሽ በሹክሹክታ።

እኔ ሥራ ረፍዶብኛል። "ነፋስ ነው ልጄ" አልኩሽና ቅጠሎቹን ነቃቅዬ ጣልኳቸው። ቀና ብለሽ አየሽኝ። "ነፋስ ቅጠል በጫፉ ያቆማል እንዴ?" አልሽ። መልስ አልነበረኝም። "በይ ግቢ፣ ይበርድሻል" ብዬ አስገባሁሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ባንዲራ አንድም ቀን አንስተሽ አታውቂም። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን ያ አስተያየትሽ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ልጄ፣ ነፋስ አልነበረም።

ይህን ያወቅሁት አንቺ ከቤት ከወጣሽ በኋላ ነው። ቅጠሎቹን የሚያቆማቸው የምድር ትል ነው። ሲመሽ ጭራውን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳደረገ ወጣ ይላል። ዙሪያውን በአፉ ይዳስሳል። ቅጠል ሲያገኝ ይነክስና ወደ ጉድጓዱ ይጎትተዋል። ከፊሉን ይበላዋል፣ በቀረው የጉድጓዱን አፍ ይደፍንበታል። ሲነጋ እኛ የምናየው ሳይገባ የቀረውን ጫፍ ነው።

እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርለስ ዳርዊን በመጨረሻ ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስለ ትል ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 አወጣው፣ በዓመቱ ሞተ። ያን ሁሉ ዓለም የዞረ ሰው በሽምግልናው ትሎችን ከነአፈራቸው በማሰሮ አድርጎ ቤቱ አስገባቸው። ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ልጁ ባሱን የሚባለውን ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ነፋላቸው። ፒያኖም ተመታላቸው። ንቅንቅ አላሉም። ማሰሮዎቹን ፒያኖው ላይ አስቀምጦ አንድ ኖታ ሲመታ ግን ትሎቹ እልም ብለው ጉድጓዳቸው ገቡ። ጆሮ የላቸውም፤ ንዝረቱን በገላቸው ነው የሚሰሙት።

ይሄ ብቻ አይደለም። ወረቀት ረዘም ባለ ሦስት ማዕዘን እየቆረጠ አፈሩ ላይ በተነላቸው። ዓይን የሌላቸው ፍጥረቶች አብዛኛውን ወረቀት በሹሉ ጫፍ በኩል ይዘው ጎተቱት። ጉድጓድ ውስጥ በቀላሉ የሚገባው በዚያ በኩል ነዋ! ይህን ሳነብ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ዳርዊን በሰባዎቹ ዕድሜው የጠየቀውን አንቺ በስድስት ዓመትሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ቅጠሉ ለምን በጫፉ? ማን አቆመው? አንቺ ሁሉንም ነገር በትክክል አይተሻል። ትንንሾች ናቸው ብለሻል፣ ናቸው። ማታ ይወጣሉ ብለሻል፣ ይወጣሉ። እኛ ስንተኛ ይሠራሉ ብለሻል፣ ይሠራሉ። የጨመርሽው ነገር ቢኖር ልብስ ማልበስሽ ነው። ምንም ሳታይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ጓሮው ውስጥ መቀመጥ ጀመርኩ። መኮትኮቻ ሳልይዝ፣ ዝም ብዬ። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይሽም። ሩብ ሰዓት ያህል ሳትነቃነቂ ስትቆዪ ግን ጓሮው አንቺን ይረሳሽና ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲህ ስቀመጥ ከተማርኩት ውስጥ የሚያሳፍረኝም አለ። አንድ ጊዜ ጽጌረዳዋን ክሽክሽ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ወረራት። ከክሽክሹ መሃል ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ አዞ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ሲሄዱ አየሁ። ጥፋተኞቹ እነዚህ ናቸው ብዬ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጨፈለቅኋቸው። በሳምንቱ ጽጌረዳዋ ጭራሽ ባሰባት። ለካ እነዚያ አዞዎች የዚያች ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት፣ አንቺ እጅሽ ላይ ስታስኬጃት የነበረችው የጢንዚዛ ልጆች ናቸው። አንዷ አድጋ ክንፍ እስክታወጣ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች። ጠባቂዎቿን ነው የገደልኩባት።

ጉንዳኖቹስ ምን ሲያደርጉ የነበረ ይመስልሻል? ክሽክሹን እንደ ላም ያልባሉ። በአንቴናቸው ሆዱን ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉት ጣፋጭ ጠብታ ያወጣላቸዋል፤ እሷን ይጠጣሉ። ከብቶቻቸውን የሚበላ ሲመጣ ደግሞ ተሰብስበው ያባርራሉ። በአንዲት የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ላይ እረኛ አለ፣ ላም አለ፣ ቀበሮም አለ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ "ተባይ" እያልኩ በአንድ ቃል ስጠራው ኖርኩ።

ትንሿ የምትለው ድንጋይ አረንጓዴ፣ ለስላሳ ነገር በቅሎበት ይሆን? ካለ እንዳትፍቂው። እዚያ ውስጥ የውሃ ድብ የሚባል ፍጥረት መኖሩ አይቀርም። ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስምንት እግር አለው፣ እያንዳንዱ እግር ጥፍር አለው። ሲሄድ ልክ እንደ ድብ እያዘገመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 በማይክሮስኮፕ ያየው አንድ ጀርመናዊ ቄስ ነው ይህን ስም ያወጣለት። ድንጋዩ ሲደርቅ እሱም እግሮቹን አጥፎ እንደ ፍርፋሪ ይደርቃል፤ ለዓመታት እንዲያ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ዝናብ ሲነካው እግሩን ዘርግቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ጠፈር ወስደው አየር በሌለበት ባዶ ውስጥ ሲያጋልጧቸው በሕይወት የተመለሱ ነበሩ። ልጅሽ ከድንጋዩ ሥር ንጉሥ አለ ብትልሽ እኔ በበኩሌ አልከራከራትም።

አበባውም እኛ የምናየው አበባ አይደለም። ንብ ቀይ ቀለም አታይም፤ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ግን ታያለች። ለእኛ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ የሆነው አበባ ለእሷ መሃሉ ጠቆር ብሎ "እዚህ ነው" የሚል ምልክት ሊኖረው ይችላል። ደግሞ ስትበር በገላዋ ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። አበባ ስትጠጋ ብናኙ ገና ሳትነካው ዘሎ ጸጉሯ ላይ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ። በዓይኔ ፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን የሚደረግ ነገር ነው፤ እኔ ግን አላየውም። ጽጌረዳዋን ለብዙ ዓመታት ውሃ አጠጥቻታለሁ፣ መልኳን አላውቀውም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የማስበው ግን ዘሩን ነው። ስንኮተኩት ወዲያው አረም ለምን እንደሚወጣ አስበሽ ታውቂያለሽ? አፈሩ ውስጥ የተኙ ዘሮች አሉ። ብዙዎቹ የሚጠብቁት ብርሃን ነው። አፈሩ ሲገለበጥ ለቅጽበት ብርሃን ነካ ያደርጋቸውና ይነቃሉ። አሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ጄምስ ቢል የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1879 የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር በ20 ጠርሙሶች አድርጎ ሚሺጋን ውስጥ ቀበራቸው። እሱ ካለፈ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ጠርሙሶቹ ግን በየተወሰነ ዓመት አንድ አንድ እየወጡ ይዘራሉ። የተቀበሩበትን ቦታ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ካርታውን ካንዱ ትውልድ ወደ ሌላው እያስተላለፉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንዱን ሲያወጡ ሌሊት ነበር የቆፈሩት። የፀሐይ ብርሃን ድንገት ዘሩን እንዳይቀሰቅስባቸው። ከ140 ዓመት በላይ ከተኙት ውስጥ የበቀሉ ነበሩ። የሚቀጥለው እ.ኤ.አ. በ2040 ይወጣል። ያኔ ትንሿ ትልቅ ሴት ትሆናለች። እባክሽ አስታውሺያት፣ ዜናውን ትከታተል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ አንቺ የጠየቅሽኝ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ አገር፣ ኮቲንግሊ በሚባል መንደር፣ የ16 እና የ9 ዓመት ሁለት የአክስት ልጆች ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ ጅረት አለ። ታናሿ በየጊዜው ጫማዋን አበስብሳ ስትመጣ ይቆጧታል። እዚያ የምትሄደው ክንፍ ያላቸውን ትንንሽ ፍጥረቶች ለማየት እንደሆነ ተናገረች። ትልልቆቹ ሳቁ። ልጆቹም ካሜራ ተውሰው ሄዱና ፎቶ ይዘው መጡ። ፎቶው ላይ ክንፍ ያላቸው ድንክዬ ሴቶች ከልጅቷ ፊት ይጨፍራሉ። የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል እንኳን አምኖ እ.ኤ.አ. በ1920 በመጽሔት ጻፈላቸው። ልጆቹ አሮጊት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1983 እውነቱን ተናገሩ። ከወረቀት ቆርጠው፣ በባርኔጣ መርፌ አቁመዋቸው ነበር።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ስለ ማታለል ነው የሚያወራው። የእኔ ልብ የሄደው ወደዚያች በጅረቱ ጫማዋን ወዳበሰበሰችው ልጅ ነው። ምን አየሽ፣ ነይ እስቲ አብረን እንሂድ ያላት ሰው ቢኖር ኖሮ ወረቀት መቁረጥ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ጅረቱ ዳር ባለው እርጥብ ድንጋይ ላይ የውሃ ድቦች ነበሩ። ማንም ወርዶ አላያቸውም። እኔም እንደዚያው ነኝ። አንቺን "ነፋስ ነው" ብዬ ወደ ቤት አስገባሁሽ።

ስለዚህ "የሉም" አትበያት። "አሉ" ብለሽም አትዋሻት፤ ልጅ ሲያድግ ያውቅብሻል፣ ያኔ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይጠራጠራል። "የታሉ? ነይ አሳዪኝ" በያት። አብረሻት ተንበርከኪ። ድንጋዩን እሷ ታንሳው፣ ቀስ ብላ። ከሥሩ የሚሯሯጠውን የፈለገችውን ስም ታውጣለት፤ ስሙን ኋላ ይማሩታል። አይታ ስትጨርስ ድንጋዩን እንደነበረ ትመልሰው። ጣሪያቸው ነው።

ማታ ልትወስጃት ከፈለግሽ ደግሞ የእጅ ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ እሰሪበት። ትሎቹ ቀይ ብርሃን አይታወቃቸውም። ዝናብ የጣለበትን ምሽት ምረጡ። ጫማችሁን አውልቁና በቀስታ ርገጡ፤ የፒያኖውን ነገር አስታውሺ፣ እርምጃችሁን ከሩቅ ይሰማሉ።

ትናንት ማታ እኔ ብቻዬን ወጥቼ ነበር። ከጽጌረዳዋ ሥር ቁጢጥ ብዬ ቆየሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን ቆየሁ። አንዱ ወጣ። ረጅም ነው፣ እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል። ወዲህ ወዲያ ዳሰሰ። አንድ ደረቅ ቅጠል አገኘ፣ ተወው፣ እንደገና ተመለሰበት፣ በጫፉ ያዘው። ቅጠሉ ሽው እያለ በአፈሩ ላይ ሲሄድ ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ቆጠርኳቸው። 11 ባንዲራ አለ። አልነካኋቸውም። ትንሿን ይዘሽልኝ እስክትመጪ ቦታውን አልጠርገውም።

እናትሽ